የሸለምጥማጧ ልጅ

ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ያለው ምግብ ቤቴ ድሮ የሰው መኖሪያ የነበረ አሮጌ ቤት ነው። ጣሪያው ቀይ ሸክላ፣ ኮርኒሱ ጣውላ ነው፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ ቅርንጫፎቻቸው ጣሪያውን የሚነኩ ትልልቅ ዛፎች አሉ። ቤቱን የተከራየሁት ለዛፎቹ ብዬ ነበር። ጥላ ሥር ተቀምጦ ክትፎ የሚበላ ሰው ቶሎ አይነሳም፤ ቶሎ የማይነሳ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ያዛል።

በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ የኬንያ ትልቁ ዝናብ እንደጀመረ በአዳራሹ ኮርኒስ ላይ ቡናማ እድፍ ብቅ አለ። ዝናቡ ያስገባ መስሎኝ ነበር። ከእድፉ በኋላ ግን ሽታ መጣ፤ የድመት ሽንት የሚመስል፣ ከዚያም የሚከብድ ሽታ። አመሻሽ ላይ ጣውላው ላይ ቀላል ኮቴ ይሰማል። አስተናጋጆቹ አይጥ ነው አሉ። እኔም አይጥ ነው ብዬ ተቀበልኩ። በዚያ ሳምንት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ካሉበት ከጊጊሪ ሰፈር የአንድ ቢሮ ሠራተኞች ለአለቃቸው የስንብት ምሳ እኔ ጋ ሊያደርጉ ቀጠሮ ይዘው ነበር፤ እንዲህ ያለ ምሳ አንድ ጊዜ ካማረ ዓመቱን ሙሉ ደንበኛ ያመጣል። ከራሳቸው በላይ ሽንት እየሸተተ ግን አያምርም።

ጣሪያ የሚጠግን ሰው፣ እዚህ አገር ፉንዲ የምንለውን፣ ጠራሁ። መሰላል አቁሞ ዙሪያውን ሲያይ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ጡብ የወለቀበት ቀዳዳ አገኘ። በዱላ ሲነካካው አንድ ነገር ተስፈንጥሮ ወጣና ቅርንጫፉን ይዞ ጠፋ። ፈጥኖ ስለነበር ምን እንደሆነ ሁለታችንም አላየንም።

“ወጥቷል፣ ማዳም” አለኝ ከላይ ሆኖ። “ልዝጋው? ወይስ መጀመሪያ ውስጡን ልይ?”

“ውስጡን ለማየት ብዙ ትቆያለህ?”

“ኮርኒሱን መክፈት አለብኝ። አቧራ ይወርዳል።”

አዳራሹ ገና መታጠቡ ነበር። “ዝም ብለህ ዝጋው” አልኩት። ወፍራም የሽቦ ወንፊት ቆርጦ በሚስማር መታው፤ ዳር ዳሩን በሲሚንቶ ለሰነው። ሥራው ንጹሕ ነበር። አመስግኜ ሸኘሁት።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ የወጥ ቤቱ በር ጋ ቆሜ ሳለሁ አየኋት። ሰውነቷ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ግራጫ ፀጉሯ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፣ ጅራቷ ጥቁርና ነጭ ቀለበት የተደራረበበት ይመስላል። በቅርንጫፉ ላይ ተንሸራትታ ወንፊቱ ጋ ደረሰችና በጥፍሯ ቧጠጠችው። ትንሽ ዞር ብላ ተመልሳ ቧጠጠችው።

ዋናዋ ወጥ ሠሪያችን ትልቅ ሴት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ከኋላዬ መጥተው አዩአትና፣

“ሸለምጥማጥ ናት” አሉ። “የዶሮ ጠላት። እዚህም ተከትላን መጣች።”

“አይጥ ነው ሲሉኝ ነበር።”

“አይጥማ ይህን ያህል ጅራት ከየት ያመጣል?”

ወንፊቱ መጠንከሩን አይቼ ደስ አለኝ። ጥበቃውን ጠርቼ አባርራት አልኩት። ድንጋይ ወረወረ፤ አልመታትም፣ ሸሸች። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰች። እንደገና ወረወረ። በማግስቱም አመሻሽ ላይ መጣች። ወደ ቤቴ ልሄድ ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ አሁንም ትቧጥጥ ነበር። ይህን ያህል ትጋት ለምን እንደሆነ ራሴን አልጠየቅሁም። እልኸኛ እንስሳ ናት ብዬ አለፍኩ።

የምሳው ቀን ጠዋት ከምኖርበት ከካሳራኒ ተነስቼ ስደርስ ጥበቃው ግቢው በር ላይ ጠበቀኝ። ከበራችን ፊት ለፊት አስፋልቱ ላይ መኪና ገጭቷት ሞታ አግኝቷታል። ካርቶን ላይ አድርጎ አጥሩ ሥር አስቀምጧት ነበር። እትዬ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው አዩአት፤ ቀና ሳይሉም፣

“ይህች እኮ ታጠባ ነበር” አሉ።

ጡቶቿ አብጠዋል፤ ዙሪያቸው ያለው ፀጉር በመጠባት ብዛት ረግፏል። ሦስታችንም ዞረን ጣሪያውን አየን። ጥበቃው መሰላሉ ወዳለበት ሊሄድ እርምጃ ጀመረ።

“ከምሳው በኋላ” አልኩት።

እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። “ከምሳው በኋላ ነው ያልሽው?”

“እንግዶቹ ሊደርሱ ነው። አሁን ኮርኒስ ብንከፍት አዳራሹ ምን ሊሆን ነው?”

እሳቸውም ድስታቸው እሳት ላይ ነበርና ገቡ። ጥበቃውም ወደ በሩ ተመለሰ። ሠራተኞቼ ናቸው፤ ውሳኔው የእኔ ነበር።

ምሳው አማረ። የጾም በያይነቱም የፍስኩም ገበታ ሞልቶ ቀረበ፤ የሚሰናበተው ሰውዬ ንግግር ሊያደርግ ብርጭቆውን ይዞ ተነሳ። ሁሉም ጸጥ ሲል ከኮርኒሱ ቀጭን ድምፅ መጣ። ጫጩት የምታሰማው ዓይነት፣ ግን ሻካራ። ይቆማል፣ ይጀምራል። አንዲት እንግዳ ቀና አለች።

“ወፎች ናቸው?” ብላ ጠየቀችኝ።

“አዎ፣ ዛፉ ላይ ጎጆ አላቸው” አልኩ ፈገግ ብዬ። ንግግሩ እንዳለቀ ወደ ባንኮኒው ሄጄ የሙዚቃውን ድምፅ ከፍ አደረግሁት። ጩኸቱ አሁንም የሚሰማኝ መሰለኝ፤ እንደገና ጨመርኩት። እንግዶቹ ለደስታቸው ያደረግሁት መስሏቸው አጨበጨቡ። ሁለት ሦስት ሰዎች ተነስተው እስክስታ ሞከሩ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ልጄ የገባችው የመጨረሻዎቹ እንግዶች ሲወጡ ነው። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ ኤልዶሬት ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ናት፤ ለእረፍት መጥታ ነበር። ሙዚቃውን እንዳጠፋሁ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቀጥ ብላ ቆመች።

“ማሚ፣ ምንድነው እሱ? እላይ የሆነ ነገር እያለቀሰ ነው።”

ነገርኳት። አጭር አድርጌ ነው የነገርኳት፤ ግን ከመጨረሻው ቃሌ በፊት መሰላሉን ለማምጣት ወጥታ ነበር። ጥበቃው ሁለት ጣውላ ነቀለላት። ስልኳን አብርታ ግማሽ አካሏን ኮርኒሱ ውስጥ አስገባች። አቧራው በታጠበው ወለል ላይ ወረደ። መጀመሪያ አንዲት አቀበለችኝ፤ ቀዝቅዛ ደርቃለች። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛዋን ግን አላቀበለችኝም። በአንገት ልብሷ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛት ወረደች። ከመዳፍ ትንሽ ትረዝማለች፤ ዓይኖቿ ገና መከፈታቸው ነው፤ አፏን ትከፍታለች እንጂ ድምፅ አልወጣትም።

“እናትየዋ መቼ ነው የሞተችው?”

“ትናንት ማታ ሳይሆን አይቀርም። ያገኘናት ጠዋት ነው።”

“ስለዚህ ጠዋት አውቀሻል። እዚህ መሆናቸውን።”

“አዎ።”

ሌላ አልጠየቀችኝም። ሁለቱን ሙቶች ከእናታቸው ጋር አጥሩ ሥር ስትቀብር ላግዛት አካፋ ባነሳ “ተዪው” አለችኝ። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም። ተቆጥታኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

የላም ወተት በሲሪንጅ ሰጠናት፤ አስቀመጣት። ልጄ ስልኳ ላይ ስታነብ የላም ወተት እንደማይስማማቸው አወቀች፤ ተሯሩጣ ለድመት ግልገል የሚሆን የዱቄት ወተት ገዝታ መጣች። በየጥቂት ሰዓቱ እየተቀያየርን አጠባናት። በሙቅ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለን እንደ እናት አጠገቧ አስተኛንላት። ሳምንቱ ሲያልቅ ድምፅዋ ተመለሰ፤ ሲሪንጁን በጥፍሮቿ መያዝ ጀመረች። እኔና ልጄም በመጠኑ መነጋገር ጀመርን።

“አሁን መደወል አለብን” አለችኝ አንድ ጠዋት። “እዚህ አገር የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ቤት ማስቀመጥ ወንጀል ነው። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት አለ። ለእንደዚህ ዓይነቶቹ የሚሆን ቦታም አላቸው።”

“የሥራ ፈቃዴ እድሳት ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ። እናቷ እንዴት ሞተች ቢሉኝ ምን እላለሁ?”

“የሆነውን ትነግሪያቸዋለሻ።”

“የሆነውን መናገር የሥራ ፈቃድ አያሳድስም፣ ልጄ። የውጭ አገር ሰዎች ነን።”

“እኔ የውጭ አገር ሰው አይደለሁም” አለች።

እስክትጠነክር እንጠብቅ በሚል ተስማማን። ዩኒቨርሲቲዋ ሲከፈት፣ አውቶቡስ ልትሳፈር ስትል፣ ፈቃዴ እንደታደሰ እንድደውል ቃል አስገባችኝ። ቃል ገባሁ። ስገባ የእውነቴን ነበር።

ባለቤቴ የሚሠራው ጁባ ነው፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው የሚመጣው። ልጄ ከሄደች በኋላ የካሳራኒው አፓርታማ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። አከራያችን ድመት እንኳ አይፈቅድም። ስለዚህ ትንሿን በክዳን ቅርጫት አድርጌ፣ ሻርፕ ጣል አድርጌባት፣ ጠዋትና ማታ ማታቱ በሚሉት የሕዝብ ሚኒባስ አመላልሳት ጀመር። ስትደነግጥ የምትለቀው ሽታ አላት። አንድ ቀን ቲካ ሮድ ላይ መንገዱ ተዘግቶ መኪናው ቆመና ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ፣ “ማማ፣ ዓሣሽ ተበላሽቷል መሰለኝ” አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤት ስደርስ ክዳኑን ስከፍት በክንዴ ወጥታ አንገቴ ሥር ሹራቤ ውስጥ ትገባለች። ዝናቡ መስኮቱን ሲመታ እሷ ትንሽ ልቧ እየመታ ደረቴ ላይ ትተኛለች። ቤቴ ውስጥ የሚጠብቀኝ ነገር ካገኘሁ ቆይቶ ነበር።

ጥርስ ስታወጣ ወደ ሥጋ አሸጋገርኳት። ጾሙ ገና አልተፈታም ነበር። እኔ ሽሮ እየበላሁ በእጄ ጥሬ ሥጋ እከትፋለሁ። እትዬ ያዩኝና፣

“አንቺ ትጾሚያለሽ፣ እሷ ትፈስካለች” ይላሉ።

“እሷ ምን ኃጢአት አላት ብላ ትጾማለች?” እላቸዋለሁ።

የምሰጣት ለክትፎ ከሚመረጠው ነው። ስቡን አወጣለሁ፣ ጅማቱን እመለምላለሁ፣ አጥንት ያንቃታል ብዬ ስባሪ እንኳ እንዳይቀር በጣቴ እዳስሳለሁ። ይህን ሳደርግ አንዳች ነገር ይቀለኛል። ለእናቷና ለእህቶቿ ያጎደልኩትን ለእሷ እየሞላሁ ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

ልጄ በሳምንቱ መጨረሻ ትደውላለች። መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ትንሿ ነው፤ አንድ ቀን ከዚያ አስከትላ፣

“ፈቃድሽስ?”

“ታደሰ፤ ተመስገን።”

“ስለዚህ ደወልሽ?”

“ደውያለሁ።”

“ምን አሉሽ?”

“ለጊዜው ቦታ የለንም፣ አንቺ ጋ ትቆይ አሉ።”

እንዴት አድርጎ ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ሳልሰናዳበት፣ ድምፄም ሳይለወጥ ወጣ። ልጄ ስለምታምነኝ “ኦኬ፣ ግን ደጋግመሽ ጠይቂያቸው” ብላ ወደ ፈተናዋ ወሬ አለፈች። በፊት የምፈራው ነገር ነበረኝ፤ ፍርሃቴ ከንቱም ቢሆን ፍርሃት ነበር። ፈቃዴ ከታደሰ በኋላ ግን ምንም አልነበረኝም። ያልደወልኩት እንዳይወስዷት ብዬ ነው።

ለሚቀጥሉት ሳምንታትም እንዲሁ መለስኩላት። አንዴ “አለቃቸው የሉም” አልኩ፤ አንዴ “እንደውልልሻለን ብለዋል” አልኩ። ውሸቱ እየቀለለኝ ሄደ።

ዝናቡ አልፎ የሰኔ ብርድ ሲገባ ትንሿ ወደ ልብስ ሳጥኑ ጫፍ መዝለል አቆመች። መጀመሪያ አደገች፣ ረጋች ብዬ ነበር። ከዚያ የኋላ እግሮቿ ሲንቀጠቀጡ አየሁ። አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ከሆዷ ሥር ይዤ ሳነሳት ጮኸች፤ ያን ዕለት ኮርኒሱ ውስጥ ስትጮህ እንኳ እንዲህ አልነበረም። መልሼ ሳስቀምጣት በፊት እግሮቿ ብቻ እየተጎተተች አልጋው ሥር ገባች።

ከምግብ ቤቱ ብዙም የማይርቅ የውሻና የድመት ክሊኒክ አለ። ሐኪሙ ወጣት ነው። ቅርጫቱን ከፍቶ ሲያያት ፊቱ ተለወጠ፤ በቀስታ አንስቶ ራጅ አነሳት። ፊልሙን ብርሃን ላይ አድርጎ አሳየኝ። የሰውነቷ ቅርጽ አለ፤ አጥንቷ ግን ጭስ ይመስላል። አንዱ የኋላ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

“ወድቃለች?”

“አላየሁም። ከሳጥን ላይ ዘልላ ይሆናል።”

“ምን ትመግቢያታለሽ?”

“ምርጥ ሥጋ። ለደንበኞቼ ከማቀርበው የተሻለ።”

“ሥጋ ብቻ?”

“ንጹሕ ሥጋ። አጥንት እንዳያንቃት አወጣለሁ።”

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። “እነዚህ እንስሳት አይጥና ወፍ ከነአጥንቱ ነው የሚበሉት። ካልሲየም ከምግቧ ካላገኘች ሰውነቷ ከራሷ አጥንት ይወስዳል። ለመሰበር መውደቅም አያስፈልጋትም ነበር፤ ስታነሻትም ሊሰበር ይችላል።”

እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጠዋት ከሆዷ ሥር ይዤ ያነሳኋት በእነዚያ እጆች ነው። በጣቴ እየዳሰስኩ አንድ በአንድ ያወጣሁላት አጥንት፣ በየቀኑ፣ ልክ እንደ ጸሎት የማደርገው ሥራ፣ እሱ ነበር የጎዳት። ከቸልተኝነቴ ያመለጠችውን ልጅ በፍቅሬ ሰበርኳት።

ሐኪሙ ሕመም ማስታገሻ ወጋትና አንድ ስልክ ቁጥር ሰጠኝ። ላንጋታ የሚባል ሰፈር፣ ጫካ ዳር የምትኖር ሴት ናት፤ ወላጅ የሌላቸውን የዱር ግልገሎች እንድታሳድግ መንግሥት ፈቃድ የሰጣት። “እኔ እዚህ ላስቀምጣት አልችልም” አለኝ። “አንቺም አትችይም። ዛሬውኑ ደውዪ።” እዚያው ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ቆሜ ደወልኩ። ያን ሁሉ ጊዜ የሸሸሁት ስልክ አንድ ማታቱ እስኪሞላ የሚፈጀውን ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

ሴትየዋ ፀጉሯ የሸበተ፣ ክንዷ ላይ የቆዩ ጭረቶች ያሉባት ኬንያዊት ናት። በረንዳዋ ላይ ተቀብላኝ ቅርጫቱን ጭኗ ላይ አደረገች። በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው ያወራነው።

“አንቺ ጋ ስንት ጊዜ ሆናት?”

“ብዙም አልሆነም” አልኩ።

አላመነችኝም፤ ግን አልተቆጣችም። “ስሚ” አለችኝ፣ “እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ብዙም አልሆነም ይላል። እኔ ልፈርድብሽ አይደለም። አጥንቷን የማክመው በምን ያህል ጊዜ እንደላላ ካወቅሁ ነው። ካሳሳትሽኝ የምትጎዳው እሷ ናት።”

ያኔ ሁሉንም ተናገርኩ። ከሽቦ ወንፊቱ ጀምሬ፣ ድንጋዩን፣ ምሳውን፣ ሙዚቃውን፣ ለልጄ የዋሸኋትን። የሚያስፈልጋት ጊዜውና ምግቡ ብቻ እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ሴትየዋ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ “ምግቡን ቀን በቀን ንገሪኝ” ብቻ አለች። ከመጀመሪያው ሲሪንጅ ጀምሬ ጻፍኩላት።

የዱር እንስሳት መኮንኑም በማግስቱ ተመልሼ ስሄድ እዚያው መጣ። ያን ሰው ለወራት በልቤ አስፈሪ አድርጌ ስስለው፣ ስፈራውም ኖሬያለሁ። የደከመው፣ ጫማው ጭቃ የያዘ ትሑት ሰው ነበር። የሆነውን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ወደፊት እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመኝ ወዲያው እንድደውል መከረኝና “በራስሽ ፈቃድ ስላመጣሻት እናመሰግናለን” ብሎ ተሰናበተ። በቃ። ልጄ በመጀመሪያው ሳምንት እንደመከረችኝ ባደርግ ኖሮም ይኸው ነበር የሚሆነው።

ለልጄ ያን ዕለት ማታ ደወልኩ። ቀድማ “ቦታ ተገኘ?” ብላ ጠየቀችኝ።

“ተገኝቷል። ግን ልነግርሽ የሚገባ ነገር አለ። እስከ ትናንት ለማንም ደውዬ አላውቅም ነበር።”

የጓደኞቿ ሳቅ ከሩቅ ይሰማኛል።

“አንድ ጊዜም?”

“አንድ ጊዜም።”

“እሷስ?”

ነገርኳት። የእግሯን፣ የአጥንቷን። አላለቀሰችም።

“እኔ እኮ እዚህ ለሰው ሁሉ ‘እናቴ ናት ያዳነቻት’ እያልኩ ነበር” አለች። ከዚያ “ደክሞኛል፣ ማሚ፣ ነገ እናውራ” ብላ ዘጋች። ነገ አልደወለችም። ከነገ ወዲያም አልደወለችም። አባቷ ከጁባ ደውሎ “ምን ሆናችሁ?” ሲለኝ ለእሱም ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ላንጋታ ያለችው ሴት አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ እንዳልመጣ። “ድምፅሽን ታውቃለች፣ ሽታሽን ታውቃለች። ጫካ መመለስ ካለባት አንቺን መርሳት አለባት። ሰው ደግ ነው ብላ ያደገች ሸለምጥማጥ የመጀመሪያው ሰው ግቢ ገብታ ትሞታለች።” እሺ አልኳት። ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር። ሐኪሙ ስለ አጥንቱ የነገረኝ እንኳ እንደዚህ አልከበደኝም። በማታቱ ስሄድ ጭኔ ላይ ባዶ ቦታ ይሰማኛል። ሹራቤን ሳላጥብ ብዙ ጊዜ አቆየሁት፤ በኋላ ግን አፍሬ አጠብኩት።

ምግብ ቤት ውስጥ ወሬው በአስተናጋጆቹ በኩል ወጥቶ ነበር፤ ግን ግማሹ ብቻ። ደንበኞች “ግልገሏን አሳደግሻት አሉ፤ ጽድቅ ነው” ይሉኛል። አንዳንዴ “እናቷን የገደልኳት እኔ ነኝ” እላለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል። አንዳንዴ ደግሞ ምግብ ይዤ ስለምቆም ዝም እላለሁ፤ ዝም ያልኩባቸው ቀናት ይበዛሉ። እትዬ አንድ ቀን ይህን ሰምተው ወጥ ቤት ሲገቡ፣ “እኔም ያን ዕለት ድስቴን መርጬ ገብቻለሁ” አሉኝ። ብቻዬን እንዳልሆንኩ ሊነግሩኝ ፈልገው ነው። እሳቸው ግን ጠይቀውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማኋቸው።

አጥንቷ ቀስ በቀስ ጠነከረ። የተሰበረው እግሯ ግን ትንሽ እንደጎበጠ ቀረ። ሴትየዋ በየጊዜው ትደውልልኛለች፤ መውጣት ትችላለች፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ትዘልላለች፣ ሩቅ መዝለል ግን ትፈራለች ትለኛለች። በኋላ ጫካው ዳር ወዳለ ሰፊ የሽቦ ቤት አዛወረቻት። እዚያ ራሷ እያደነች መብላት ስትለምድ አንድ አመሻሽ ላይ በሩን ከፍታ ተወችላት። መጀመሪያ በየማታው እየተመለሰች የተቀመጠላትን ትበላ ነበር። ከዚያ አንዳንድ ማታ ትቀራለች። ከዚያ ቀረች።

“ይህ ጥሩ ምልክት ነው?” ብዬ ጠየቅኋት።

“ብዙ ጊዜ ጥሩ ምልክት ነው።”

“ያ እግሯስ?”

“እግሯንማ ይዛው ነው የሄደችው” አለችኝ። “በሕይወት አለች ብዬ ላረጋግጥልሽ አልችልም። የለችም ብዬም አልልሽም።”

ሌላ ነገር ልጠይቃት ፈልጌ ምን እንደሆነ ስላልመጣልኝ፣ የምሠራላት ሥራ ካለ ጠየቅኋት። “ምግብ ቤት አይደል ያለሽ?” አለችኝ። አሁን ቅዳሜ ጠዋት እሷ ጋ እየሄድኩ የሌሎቹን ግልገሎች ምግብ አዘጋጃለሁ። ዶሮ ከነአጥንቱ እፈጫለሁ፣ ሐኪም ያዘዘውን ዱቄት እለካለሁ፣ በየሳህኑ አድርጌ በር ላይ እተዋለሁ። እንስሳቱን አላያቸውም፤ እንዳይለምዱኝ ድምፄንም አላሰማም። አንዳንድ ቅዳሜ ደስ ይለኛል። ደስ ሲለኝ ደግሞ ደስታው የማይገባኝ ይመስለኝና ሥራዬን አፈጥናለሁ።

ልጄ በረጅሙ እረፍት መጣች። በመሃላችን የነበረው ዝምታ በጥቂት በጥቂቱ ቀሎ ነበር፤ በስልክ ስለ ትምህርቷ፣ ስለ አባቷ፣ ስለ ገበያው እናወራለን። አንድ ቅዳሜ ሳልጠይቃት ጫማዋን አድርጋ በሩ ጋ ጠበቀችኝ። ላንጋታ አብራኝ ዋለች። ጓንት አድርጋ ዶሮውን ከታተፈች፤ እኔ ፈጨሁ። ሴትየዋ ያን ዕለት ሰው ማሳደግ ያቃተው የጃርት ግልገል ተቀብላ ስለነበር አላነጋገረችንም።

ስንመለስ ማታቱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መንገዱ ተዘግቶ ቆመን ሳለ ልጄ ወደ መስኮቱ እያየች፣

“ትናንት ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር ብለሽኝ ነበር፤ ስለ ደም ግፊትሽ” አለችኝ። “ምን አለሽ?”

“ደህና ነሽ አለኝ። መድኃኒቱን ቀጥዪ ነው ያለው።”

“የእውነት?”

“የእውነት።”

ድሮ ቢሆን “ኦኬ” ብላ ወደ ሌላ ወሬ ታልፍ ነበር። አሁን ግን ፊቴን ትንሽ አየችኝ። ቦርሳዬን ከፍቼ የታዘዘልኝን መድኃኒት አሳየኋት። አገላብጣ አነበበችውና መለሰችልኝ። ከዚያ ነው “እሺ” ያለችው።